በኦፐራሲዮን ጊዜ ስለሚጎዳው ጣፊያ

የሆድን ደዌ ለማውጣት የገባ እጅ አንዳንድ ጊዜ ደዌ የሌለበትን ብልት ያቈስላል። ከእነዚህም ብልቶች አንዱ ጣፊያ ነው። ጣፊያ በግራ ጎን ከጎድን አጥንት በታች ተሸሽጎ የሚኖር፥ በጤነኛ ሰው 150 ግራም ያህል የሚመዝን፥ ደም የሞላበት ለስላሳ ብልት ነው። ሐኪሙ ስለ ትልቁ አንጀት ወይም ስለ ጨጓራ ወይም ስለ ግራ ኵላሊት ሆድን በከፈተ ጊዜ፥ ጣፊያውን ሳይነካው እንኳ ከእርሱ ጋራ የተያያዘውን ሞራ ቢስበው ስስ ልባሱ ይቀደድና ደም ይፈሳል። ይልቁንም ሆዱ ቀድሞ ተከፍቶ የነበረ ሰው እንደ ሆነ፥ ቍስሉ ሲሽር ብልቶቹን እርስ በርሳቸው ስለሚያጣብቃቸው አደጋው ይብሳል።

ይህ በሠለጠነ እጅም ላይ የሚደርስ ነውና፥ ጣፊያ ስለ ተቀደደ ብቻ ሐኪሙን እንደ በደለኛ መቍጠር ፍርድ ማጣመም ይሆናል። እኛ የምንነቅፈው ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ዝምታ ነው።

ደሙ አልቆም ሲል ሐኪሙ ነፍስ ለማዳን ጣፊያውን ቈርጦ ያወጣዋል። ቀድሞ ይህ እንደ ቀላል ነገር ይታይ ነበር። ነገር ግን በፈረንጅ አቈጣጠር በ1952 ዓ.ም. ኪንግና ሹማከር የተባሉ የአሜሪካ ሐኪሞች፥ ጣፊያቸው የወጣ ሕፃናት በብርቱ የደም መመረዝ መያዛቸውን ከጻፉ ወዲህ አሳቡ ተለወጠ። ጣፊያ ደምን እያጣራ ተሕዋስያንን የሚይዝ ዘበኛ ነውና፥ እርሱ የሌለው ሰው ዛሬ ትኵሳት ቢጀምረው በማግሥቱ ሊሞት ይችላል፤ ይህም አደጋ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ አይቀርም። ስለዚህ ዛሬ ሐኪሞች ቢቻላቸው በመጫንና በመስፋት ያተርፉታል።

ማውጣቱ ግድ ከሆነ ግን ለበሽተኛው ሊነገረው ይገባል። ጣፊያው በድንገት ለወጣ ሰው የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር ክትባት የሚሰጠው ከ14 ቀን ያህል በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜም ብዙው በሽተኛ ወደ ቤቱ ተመልሷል። ስለ አንጀቱ ገብቶ ጣፊያውን አጥቶ የወጣ ሰው ነገሩን ካላወቀ ማን ይከትበዋል? ወባ ወዳለበት ቈላ ቢወርድስ ማን ያስጠነቅቀዋል? ትኵሳት ይዞት ወደ ጠበል ቢመጣም፥ ጠበሉን ሳይተው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ የሚመክረው ካህን ይህን ማወቅ ያስፈልገዋል።

በአገራችን የሐኪም ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ስለዚህ የሆስፒታል ሹማምንት ጣፊያ በወጣ ጊዜ ምክንያቱና ቀኑ በሽተኛው በሚያነበው ቋንቋ ተጽፎ፥ አንዱ በመዝገብ ቤት እንዲቀመጥ፥ አንዱም በእጁ እንዲሰጠው ያዝዙ ዘንድ እናሳስባለን።