ቤተሰብ ጠቅልሎ አይወጣም

ከወልቂጤ እስከ እምድብር፣ ከቡታጅራ እስከ መስቃን ቀበሌዎች፣ «እነ እገሌ እኮ ጠቅልለው ሊወጡ ነው» የሚለው ወሬ ማንንም ማስደነቅ ትቷል። ከልጆቹ አንዷ ከዓመታት በፊት ዲቪ ደርሷት ወይም አግብታ ሄዳለች። አሁን ለእናትና ለአባቷ ፋይል ከፍታለች፤ ወንድሞቿ በየተራቸው ፕሮሰስ ላይ ናቸው፤ የአጎት ልጆች ደግሞ ስፖንሰር ይፈለግላቸዋል። ወሬው በተነሳ ቁጥር አንድ ማጽናኛ ይከተለዋል፦ ጉራጌ ድሮም መንገደኛ ነው፣ አያቶቻችን አዲስ አበባ ወጡ፣ ልጆቻቸው አሜሪካ ቢወጡ ምን አዲስ ነገር አለው? እኔ ግን ማጽናኛው ልክ አይመስለኝም። የድሮው ጉዞ ቆሞ የነበረው አገር ቤት በሚቀረው ቤት ላይ ነው። ጠቅልሎ መውጣት ያንን ቤት ይዘጋል፤ ቤተሰቡንም ቢሆን እንደተባለው ጠቅልሎ አይወስድም። ስለዚህ ማን ይሄዳል ብሎ ከመቁጠር በፊት ማን ይቀራል፣ በምን ስምምነትስ ይቀራል ብሎ መነጋገር ይቀድማል።

የጉራጌ ጉዞ የሚጀምረው አዲስ አበባ ከተቆረቆረችበት ዘመን ነው። የምኒልክ ጦር አገሩን ካስገበረ በኋላ ግብር በገንዘብ ይጠየቅ ጀመር፤ ገንዘብ ደግሞ ከእንሰት ጓሮ አይለቀምም። ወጣቶቹ በእግራቸው ወደ አዲሲቱ ከተማ እየወጡ ሸክም ተሸከሙ፣ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ ቀስ በቀስም ወደ ንግዱ ገቡ። ይህ ጉዞ ምን ያህል እንደገፋ የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያሳያል፦ በመላ አገሪቱ ጉራጌ ነኝ ብሎ ከተቆጠረው 1.87 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ውስጥ 450 ሺሕ የሚጠጋው የተገኘው አዲስ አበባ ነው። ከአራት ሰው አንዱ ገደማ ማለት ነው። ሩቡ በአንድ ከተማ የሚኖር ሕዝብ ገጠሩ ይራቆታል ብሎ መጠበቅ ይቻል ነበር። ያልተራቆተው የሄደው ሰው ከቤቱ ስላልተቆረጠ ነው። ሚስት ወይም ወንድም እንሰቱን ይዞ ይቀራል፤ ከተሜው ክርስቲያን ከሆነ ለመስቀል፣ ሙስሊም ከሆነ ለአረፋ ይገባል፤ ጠብ ካለ ያስታርቃል፣ ጎጆ ካዘመመ ያቆማል፣ ልጅ ከደረሰ ይድራል። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የነበሩ ጉራጌዎች ከኪሳቸው አዋጥተው የራሳቸውን የመንገድ ሥራ ድርጅት እስከማቋቋም ደርሰዋል፤ ዛሬ የጉራጌ ልማትና ባህል ማኅበር (ጉልባማ) የሚሠራው ሥራ የዚያው ልማድ ተከታይ ነው። የመርካቶ ነጋዴ ለቸሃ ወረዳ መንገድ ገንዘብ የሚያወጣበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በመንገዱ ጫፍ የራሱ ቤት አለ።

ቤት ስል ጎጆውን ብቻ አይደለም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የቸሃን ኑሮ ያጠናው አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዊልያም ሻክ መጽሐፉን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎ የሰየመው በከንቱ አልነበረም። እንሰት በዓመቱ ተዘርቶ በዓመቱ የሚታጨድ እህል አይደለም። ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ብዙ ጊዜ እየተነቀለ ይተከላል፤ ለመድረስ እንደ ደጋና ቆላው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይወስዳል። አንድ ጓሮ ውስጥ የሁሉም ዕድሜ ተክል ጎን ለጎን መቆም አለበት፤ ዘንድሮ የሚተከለው ከአምስት ዓመት በኋላ የሚበላ ነውና። ማዳበሪያው ከቤት የሚወጣ የከብት ፍግ ነው። ሲደርስ መፋቁ፣ መቅበሩ፣ ቆጮ እስኪሆን ማብላላቱ የሴቶች ሥራ ነው፤ አንዲት ሴት ብቻዋን የምትወጣው ስላልሆነ ጎረቤት ይጠራል። የወንዱ ድርሻ መቆፈሩና መንቀል መትከሉ ነው። በአገሪቱ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው የሚመካበት ይህ ተክል ድርቅን ይችላል፤ የእጅ እጦትን ግን አይችልም። ሁለት ሦስት ዓመት የሚተክለው ያጣ ጓሮ ዛሬ የሚበላ ቢኖረውም የዛሬ አምስት ዓመት ባዶ ነው። በቸሃ ባሕር ዛፍ እየሰፋ የመጣበት ምክንያት ብዙ ነው፣ ገበያውም አለበት፤ ነገር ግን ባሕር ዛፍ ጠባቂ እንጂ አርሶ አደር የማይፈልግ ተክል መሆኑ ባለቤቱ ለራቀው መሬት ተመራጭ አድርጎታል። መሬቱን ሸጦ መገላገልም አይቻልም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ ነው። ጠቅልሎ የወጣ ቤተሰብ ጓሮውን ለሚይዝለት ሰው ካላስረከበ በቀር ዋጋውን ይዞ የሚሄድበት መንገድ የለም።

ጠቅልሎ መውጣት የሚባለው ነገር በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት የተቀባዩን አገር ሕግ መክፈት ያስፈልጋል። በአሜሪካ ሕግ 21 ዓመት የሞላው ዜጋ ያለ ዓመታዊ ኮታ መውሰድ የሚችለው ባል ወይም ሚስቱን፣ ከ21 ዓመት በታች ያሉ ያላገቡ ልጆቹን፣ እናትና አባቱን ነው። ወንድምና እህት በዓመት ለመላው ዓለም 65 ሺሕ ቪዛ ብቻ በተመደበለት ሰልፍ ይገባሉ፤ ተራው ከ15 ዓመት በላይ ያስጠብቃል። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው ደግሞ እናቱንም ወንድሙንም መጠየቅ አይችልም። ዲቪ የደረሰው ሰው ይዞ የሚሄደው የትዳር ጓደኛውንና ያላገቡ፣ 21 ዓመት ያልሞላቸው ልጆቹን ነው። አያት፣ አክስት፣ አጎት፣ የወንድም ልጅ በዚህ ሕግ በራሳቸው የሚጠየቁበት በር የላቸውም። ካናዳም ልጅ ብሎ የምትቀበለው በመሠረቱ 22 ዓመት ያልሞላውን ነው። እስቲ ይህን በአንድ የቸሃ ቤተሰብ ላይ እንዘርጋው። ልጅቱ ዜግነት ስታገኝ መጀመሪያ የሚሄዱት እናትና አባት ናቸው፤ ጓሮውን የሚያውቁት፣ ድንበሩን የሚያስታውሱት፣ ለሽምግልና የሚጠሩት ሁለቱ ሰዎች። በሙሉ ጉልበቱ ያለው ወንድም ሰልፍ ላይ ይቀራል። ፋይሉ ሲከፈት አሥር ዓመቱ የነበረው የዚህ ወንድም ልጅ ተራው ሲደርስ ሃያ አምስት ይሞላውና ከአባቱ ፋይል ሊወጣ ይችላል። እዚያው ቤት ያደገው ወላጅ አልባ የዘመድ ልጅ ለሰፈሩ ወንድማቸው ነው፤ የአሜሪካ ሕግ ግን ጉዲፈቻን የሚቀበለው በመሠረቱ ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው ከተፈጸመ፣ ሁለት ዓመት አብሮ መኖሩና በሕጋዊ አሳዳጊነት መያዙም ከተረጋገጠ ነው። አያትየዋማ ከነአካቴው ስሟ የሚጻፍበት ቅጽ የለም።

በዚህ ላይ ተመላልሶ የመኖር ነገር አለ። የድሮው ከተሜ ሲያሻው ሦስት ወር አገሩ ከርሞ ይመለስ ነበር። ግሪን ካርድ የያዘች እናት ግን ከስድስት ወር በላይ ከአሜሪካ ውጭ ከቆየች ጥያቄ ይነሳባታል፤ አስቀድማ ፈቃድ ሳትይዝ ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየች ካርዷን ልታጣ ትችላለች። እንሰት ያስተከለች፣ ዕድር የመራች ሴት በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ አንድ አፓርታማ ውስጥ የልጅ ልጅ ስትጠብቅ ትውላለች። ይህ ሥራ ክብር የለውም አልልም፤ ለልጇ የሕፃናት ማቆያ ወጪ ይሸፍናልና የራሱ ዋጋ አለው። ግን ማን ጠየቃት? በሩም ቢሆን በሌላ ሰው እጅ ነው። በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የስደተኞች ቅበላ ፕሮግራሙን በአንድ ትእዛዝ ሲያቋርጥ፣ ምርመራውን ጨርሶ የጉዞ ቀን የተቆረጠለት ሰው ሳይቀር ባለበት ቆሟል።

ጠቅልሎ መውጣት ቤተሰብ ይከፍላል ማለት ፍርሃት ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ በአገራችን አንድ ትልቅ ምስክር አለ። በግንቦት 1983 ደርግ ሊወድቅ ሲል እስራኤል 36 ሰዓት ገደማ በፈጀ የአየር ጉዞ ከ14 ሺሕ በላይ ቤተ እስራኤሎችን ከአዲስ አበባ ወሰደች። በኢትዮጵያ ታሪክ ዘመድ ከነዘመዱ ተነቅሎ አገር የለወጠበት ከዚህ የሚበልጥ አጋጣሚ አላውቅም። ያም ሆኖ መስፈርቱን አታሟሉም የተባሉት ቀሩ፤ ጎንደርና አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ተጀመረ። በ2008 የእስራኤል መንግሥት ወደ 9 ሺሕ የሚሆኑትን ቀሪዎች ለመውሰድ ወሰነ፤ አፈጻጸሙ ግን ዓመታት ተጎተተ። በመካከሉ እናት እዚያ፣ ልጅ እዚህ ሆነው ያረጁ አሉ። ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው ተቀባዩ መንግሥት ራሱ አውሮፕላን ልኮ፣ ሕዝቡን ወገኔ ነው ብሎ በጠራበት ሁኔታ ነው። ለቸሃ ሰው እንዲህ ያለ አውሮፕላን የሚልክ የለም።

እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ ይመጣል፤ እኔም ቀላል አድርጌ አላየውም። የምታወድሰው የድሮ ጉዞ የቆመው በሴቷ ጀርባ ላይ አልነበረም ወይ? ነበር። ባል መርካቶ ሲከርም እንሰት የፋቀችው፣ አማቶች ያስታመመችው፣ ልጅ ያሳደገችው ሚስት ናት፤ ባልየው ከተማ ሌላ ሚስት የሚያገባበት ጊዜም ጥቂት አልነበረም። የቃቄ ውርድወት የተባለችው የጉራጌ ሴት በጆካ ባህላዊ ሸንጎ ፊት ቆማ ሴት ያልፈለገችውን ትዳር የመፍታት መብት ይኑራት ብላ ተሟገተች የሚባለው እኮ ያለ ምክንያት አይደለም። እንግዲያው የዛሬዋ ሴት «እኔም ልሂድ፣ ቤቱን ሌላ ይጠብቅ» ብትል ይፈረድባታል? አይፈረድባትም። ነገር ግን ተቃውሞው ክርክሬን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። በድሮው ጉዞ ጥፋቱ ቤት መጠበቁ አልነበረም፤ ጠባቂዋ ሳትጠየቅ፣ ሳይከፈላት፣ በጓሮው ላይ የመወሰን ሥልጣን ሳይሰጣት መቅረቷ ነው። አሁንም ጠቅልሎ የሚወጣው ቤት ይህንኑ ጥፋት ይደግማል። እናት ስትሄድ የማትሄደውን አያት የምታስታምመው ማን ናት? ብዙ ጊዜ ሰልፍ ላይ ያለው ወንድም ሚስት ናት። ፋይሉ ላይ ስሟ የሰፈረው በባሏ በኩል ነው፤ ውሳኔው ሲወሰን ግን አስተያየቷን የጠየቃት የለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ገንዘብ ነው። ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ መቶን አልፏል። ውጭ ያለ ልጅ የሚልከው ሁለት መቶ ዶላር ከአንድ መምህር የወር ደመወዝ በላይ ነው፤ በወልቂጤና በቡታጅራ የሚነሳው ፎቅም በከፊል የዚህ ገንዘብ ነው። ታዲያ እንሰቱ ቢቀርስ? ይህን የሚል ሰው አንድ ነገር ዘንግቷል። ገንዘቡ የሚመጣው አገር ቤት ሰው ስላለ ነው። ልጅ የሚልከው ለእናቱ ሕክምና፣ ለታናሹ ትምህርት፣ ለአባቱ በሬ ነው። የመጨረሻዋ እናት አውሮፕላን የተሳፈረች ቀን የሃዋላው ምክንያትም አብሯት ይሳፈራል፤ ልጅም ደመወዙን እዚያው ለቤት ኪራይና ለኢንሹራንስ ይከፍላል። በዘበኛ የሚጠበቅ ፎቅ ይቀር ይሆናል። አካባቢውን ያሳደገው ግን ፎቁ አልነበረም፤ በየዓመቱ ለመስቀል የሚገባውና መንገዱ ለምን ተበላሸ ብሎ የሚጠይቀው ሰው ነው።

መሄድ መብት ነው የሚለውን መከራከሪያ ለመመለስ ብዙ መድከም አያስፈልግም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ማንም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነት እንዳለው ደንግጓል፤ በ2006 መንግሥት ለሥራ ወደ ዓረብ አገር መሄድን ሲያግድም እገዳው ጉዞውን ወደ ደላላ እጅ ከመግፋት ያለፈ ፋይዳ አላሳየም። በመጋቢት 2012 ሞዛምቢክ ውስጥ በአንድ ኮንቴይነር 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው መገኘታቸው የተዘጋ በር ሰውን በየት በኩል እንደሚያስወጣ ያሳያል። እኔ የምለው አይሂዱ አይደለም። ሲሄዱ ቤተሰቡ የሚያደርገው ስሌት የጎደለ ነው እላለሁ። የትኬት፣ የሕክምና ምርመራና የኤምባሲ ክፍያ እስከ ሳንቲሙ ይሰላል፤ የሚቀረው ሰው ሥራና ደመወዝ ግን ከሂሳቡ ውስጥ የለም።

ማስተካከያው ከአቅማችን በላይ አይደለም። ፋይል ከመከፈቱ በፊት ቤተሰቡ ሽማግሌ ባለበት ይቀመጥና ጓሮውን የሚይዘውን ሰው ይሰይም። የሚቀረው ሰው በዘመድነት ስም በነፃ የሚያገለግል አይሁን፤ የምርቱ ድርሻ ወይም የወር ክፍያ ይወሰንለት፣ ምን እንደሚተከልና ምን እንደሚሸጥም ራሱ ይወስን። ስምምነቱ በቃል አይቅር፤ መሬት ለሌላ ሰው በኪራይ ሲሰጥ ውሉ በወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ስለሚመዘገብ መንገዱ አለ። የአያትን መጦሪያ ማን እንደሚሸፍን፣ ለአጣጥ ሆስፒታል ሕክምናዋ ማን እንደሚከፍል ከወዲሁ ይጻፍ። ወላጆች መሄድ ሳይፈልጉ ለወግ ያህል የሚሄዱ ከሆነ ፋይሉ ይቅር፤ በምትኩ ልጅ በዓመት አንዴ ይምጣ። ዜግነት የለወጠም ቢሆን በ1994 አዋጅ ቁጥር 270 የተፈቀደውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ይዞ ያለ ቪዛ መግባትና ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራት ይችላል። ጉልባማና የወረዳ አስተዳደሮች የአንድ ገጽ የውል ናሙና አዘጋጅተው በየቀበሌው ቢያስቀምጡ ወጪው የወረቀት ነው።

ውጭ ያላችሁ የቸሃ፣ የእዣ፣ የመስቃን፣ የሶዶ ልጆች ሆይ፣ ለሚቀጥለው መስቀል ወይም አረፋ ስትገቡ ዘመድ ሁሉ አንድ ላይ ይገኛል። የሚሄዱትን ስም ዝርዝር ከማውጣታችሁ በፊት የሚቀሩትን አስቀምጣችሁ ጠይቋቸው፤ የሚሉትንም በወረቀት አስፍራችሁ ፈርሙበት።