ከንፈር መምጠጥ ማድነቅ አይደለም

የድሮ የአሜሪካ ሕዝባዊ ዘፈንና ብሉዝ የተቀረጸበት ፊልም በታየ ቁጥር ከአዳራሹ ጀርባ የሚሰማ አንድ ድምፅ አለ። «እምጵ» ይላል። ጥቁር ሽማግሌ ጊታሩን ታቅፎ ብቅ ሲል «እምጵ»፤ ኮቱ አርጅቶ ሲታይ «እምጵ»፤ ዐይኑን ጨፍኖ ሲያንጎራጉር «እምጵ፣ ምስኪን!»። ፊልሙ ሲያበቃ ከንፈር መጣጩ ወንድማችን ይነሣና ስለ ባርነትና ስለ ጭቆና ረዘም ያለ ንግግር ያደርግልናል። ሰውየው ምን እንደ ተጫወተ ቢጠየቅ ግን መልስ የለውም። ጊታሩ በምን ቅኝት ነበር? አውራ ጣቱ ምን ይሠራ ነበር? ኧረ እሱን ማን አየ!

እኛ ይህን ዓይነቱን አመለካከት አንቀበልም። ጭቆናው ሐሰት ነው አላልንም። የሚሲሲፒ ጥጥ እርሻ እውነት ነው፤ የሉዊዚያና እስር ቤት እውነት ነው። የምንቃወመው አዘኔታ የዐይን ሞራ ሲሆን ነው። ባለሙያን በመከራው ብቻ የሚያውቅ ሰው ከነሙያው ሊያከብረው ቀርቶ ገና አላየውም።

ኤሊዛቤት ኮተንን እንውሰድ። በ1893 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኖርዝ ካሮላይና ተወለደች። ግራኝ ናት። በልጅነቷ የወንድሟን ባንጆ እየሰረቀች ስትነካካ፣ በኋላም ጊታር ስትይዝ፣ ለቀኝ እጅ የተወጠረውን መሣሪያ ክሩን ሳትቀይር ገልብጣ ያዘችው። ሲገለበጥ ቀጭኑ ክር ወደ ላይ፣ ወፍራሙ ወደ ታች ይሆናል። እንግዲህ ሌላው ጊታረኛ በአውራ ጣቱ ባሱን እየመታ በቀሩት ጣቶች ዜማውን ሲለቅም፣ ኮተን ነገሩን ሁሉ አዙራ ባሱን በጣቶቿ፣ ዜማውን በአውራ ጣቷ ትጫወታለች። ይህን ሸክላ ሊነግረን አይችልም። ሸክላውን መቶ ጊዜ ብንሰማ የምናገኘው ልዩ የሆነ ለስላሳ ድምፅ ብቻ ነው፤ ድምፁ ከየት እንደ መጣ የሚያሳየን ፊልሙ ነው። ታዲያ በዚያች ደቂቃ ላይ ነው አንዱ ተነሥቶ «አይ ድህነት!» የሚለን።

ይህን ፊልም ያገኘነው ፒት ሲገር በ1965 እና በ1966 «ሬይንቦው ክዌስት» እያለ ካዘጋጃቸው 39 ዝግጅቶች ውስጥ ነው። ሲገር በፖለቲካ አቋሙ ምክንያት ትልልቆቹ የቴሌቪዥን ድርጅቶች ለዓመታት በራቸውን የዘጉበት ሰው ስለ ነበር፣ ዝግጅቱ የታየው በአንዲት ትንሽ የኒው ጀርሲ ጣቢያ ነው። ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ ሁለት ሦስት ሰው፣ በቃ። በእኛ አስተያየት ድህነቱ ጠቅሞናል። ካሜራው ለመሯሯጥ ዐቅም ስለሌለው ቁጭ ብሎ ያያል። ገንዘብ የተረፋቸው አዘጋጆች እኮ ጣቱ ዋናውን ነገር ሊሠራ ሲል ካሜራቸውን አዙረው የሚያጨበጭብ ተመልካች ያሳዩናል! ስንቱን አበላሹት መሰላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ቃል እንቁም። «ተገኘ» የሚሉት ነገር አለ። ኮተን በሲገር አባት ቤት ሠራተኛ ሆና ስትኖር ጊታር መጫወቷ ታወቀና «ተገኘች» ተባለ። ሚሲሲፒ ጆን ኸርት በ1928 ሸክላ ካስቀረጸ በኋላ ተረስቶ በ1963 «ተገኘ»። ከ1928ቱ ዘፈኖቹ በአንዱ የመኖሪያ መንደሩን ስም አቫሎን ብሎ በግልጽ ተናግሮ ነበር፤ ሰምቶ ካርታ የሚመለከት ሰው እስኪመጣ 35 ዓመት ፈጀ። ሲሄዱ እዚያው አካባቢ አገኙት። ሰውየው መቼ ጠፋና! የጠፋው ሰሚው ነው። ኸርት ከዚያ በኋላ የኖረው ሦስት ዓመት ብቻ ነው፤ በ1966 ሞተ። የአውራ ጣቱን እርጋታ በፊልም ያየነው በነዚያ ሦስት ዓመታት ምክንያት ነው፤ ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ ይኸም አይኖርም ነበር። ቻርሊ ፓተን በ1934 ሞተ፤ እሱን ሲጫወት የሚያሳይ አንዲት ስንዝር ፊልም የለችም።

ከከንፈር መጣጮቹ ሌላ ደግሞ ንጹሕ ፈላጊዎች አሉ። ለእነዚህኞቹ ፊልሙ መስኮት ነው፤ ማንም ያልነካው፣ ማንም ያላዘጋጀው እውነት በመስኮቱ ይታያል። «እውነተኛው ሕዝባዊ ጥበብ ይኸ ነው!» ይላሉ፤ ካሜራውን ማን እንዳቆመው አይጠይቁም። እስቲ እኛ እንጠይቅ።

በ1935 «ማርች ኦፍ ታይም» የተባለው የዜና ፊልም ሌድቤሊን ለአሜሪካ ሕዝብ አሳየ። ሌድቤሊ ባለ 12 ክር ጊታር የሚያናግር ሰው ነው፤ ከአንጎላ እስር ቤት የተፈታው በ1934 ነው። ልብ በሉ፣ ፊልሙ ሲነሣ ነፃ ሰው ነበር። የእስረኛ ልብስ መልሰው አለበሱትና እስር ቤት ያለ አስመሰሉት። ዘፈን ሰብሳቢው ጆን ሎማክስም ራሱን ሆኖ ይተውናል፤ ሌድቤሊ አሽከር ልሁንህ እያለ ሲለማመጠው እናያለን። በዘፈን አገረ ገዥውን አራርቶ ተፈታ የሚለውን ተረትም ፊልሙ ይደግፋል፤ የሉዊዚያና ባለሥልጣኖች ግን ሰውየው የወጣው በአመክሮ ነው ብለዋል። በዚያው ዓመት ሌድቤሊና ሎማክስ በገንዘብ ተጣልተው ተለያዩ። ሂሳቡን የጠየቀው ሌድቤሊ በየትኛው ዜና ፊልም ታየ? በየትኛውም።

ማንቸስተር ደግሞ አለላችሁ። ሜይ 7 ቀን 1964 ግራናዳ ቴሌቪዥን ባቡር የማይቆምበትን የዊልብራሃም ሮድ ጣቢያ የአሜሪካ ደቡብ አስመሰለው። የጥጥ ጥቅል ደረደረ፣ ዶሮና ፍየል አመጣ። የእንግሊዝ ወጣቶች ማዶ ባለው መድረክ ተቀመጡ፣ በሐዲዱ ወዲህ ማዶ ማዲ ዋተርስና ሲስተር ሮዜታ ታርፕ ተጫወቱ። ማዲ ዋተርስ በዚያን ጊዜ የቺካጎ ሰው ነው፣ የከተማ ሰው! ኤሌክትሪክ ጊታርን በቺካጎ ያናገረውን ሰው ነው ከፍየል ጋር ያቆሙት። ዝናቡም መጣ። ሮዜታ ታርፕ በፈረስ ጋሪ ደርሳ፣ ደልዳላ ካፖርቷን እንደ ለበሰች ነጭ ኤሌክትሪክ ጊታሯን አነገተችና የኖኅን ዘመን ዝናብ የሚያነሣውን መዝሙር ጀመረች። ያን ጊታር እንዴት አድርጋ እንደ መታችው ያላየ ይይ። ዶሮው ተረሳ፣ የጥጥ ጥቅሉ ተረሳ። ጌጡን ያዘጋጁት ሰዎች አንዲት ምስኪን ዘማሪ ጠብቀው ይሆናል፤ የመጣችው ግን የመድረክ ንግሥት ናት።

በ1966 አለን ሎማክስ (የጆን ልጅ ነው) በኒውፖርት የሙዚቃ በዓል ሰሞን የሚሲሲፒ መሸታ ቤት አስመስሎ አንድ ክፍል አሰናዳና ሰን ሃውስን፣ ስኪፕ ጄምስን፣ ቡካ ዋይትን፣ ሃውሊን ዎልፍን እየቀረጸ አስጫወታቸው። መጠጥም ቀረበ። ዎልፍ ጊታሩን ይዞ ስለ ብሉዝ ምንነት ሲያስረዳ ሰን ሃውስ ሞቅ ብሎት ጣልቃ ይገባል። ዎልፍ ዞር ብሎ በሰው ፊት ይገሥጸዋል። በዕድሜ ታላቁን፣ ወጣት ሳለ በሚሲሲፒ የሚያውቀውን ሰው! ሰን ሃውስ ያን ብረት ጊታር ቱቦ ባጠለቀ ጣቱ ሲያስጮኸው ያየ ሰው፣ ያንን ተግሣጽ ሲሰማ አንገቱን መድፋቱ አይቀርም። ግድግዳው የውሸት ነው፤ ጠቡ ግን የማንም ድርሰት አይደለም። ከንፈር መጣጩም ንጹሕ ፈላጊውም እዚህ ቦታ ላይ ዝም ይላሉ፤ ምክንያቱም እዚህ ያለው ምስኪንም ቅዱስም ሳይሆን ሁለት ኩሩ ባለሙያዎች ናቸው።

«እንግዲያው ሁሉም ትያትር ከሆነ ምን ያደርግልናል?» የሚሉን ጓደኞችም አልጠፉም። ችኩሎች ናቸው። ቤሲ ስሚዝን የምናይበት ብቸኛ ፊልም በ1929 የተሠራው የ16 ደቂቃው «ሴንት ሉዊስ ብሉዝ» ነው። ታሪኩ ተራ ነው፤ ወንዱ ይከዳታል፣ እሷ መጠጥ ቤት ተደግፋ ትዘፍናለች፣ ተዋንያኑ ሁሉ ያጋንናሉ። ይህን ትያትር ነው ብለን ብንጥለው ቤሲ ስሚዝ እንዴት ቆማ፣ እንዴት ተንፍሳ እንደ ዘፈነች የሚነግረን ምን ይቀራል? በ1937 ሞታለች፤ ሌላ ፊልም የለም።

ጣቱን እዩ ስንልም በጭፍን አይደለም። በ1945 ሌድቤሊን በቀለም የቀረጸው ፊልም ድምፅ አልባ ነበር፤ ፒት ሲገር በኋላ ከድምፅ ቅጂ ጋር ለማገጣጠም ደክሞበታል። ስለዚህ እዚያ የምናየው እጅና የምንሰማው ክር አንድ ሰዓት ላይ የተገናኙ አይደሉም። በ1990ዎቹም የሮበርት ጆንሰን ነው የተባለ ድምፅ አልባ ቁራጭ ፊልም ሲወጣ ስንቱ በደስታ ዘለለ። ጆንሰን የሞተው በ1938 ነው፤ በፊልሙ ውስጥ በሚታየው ማስታወቂያ ላይ ያለው ሲኒማ ግን የወጣው በ1941 ነው። ሙት ተነሥቶ ጊታር መታ እንበል? ሰዉ ማየት የፈለገውን አየ።

ስለ ጥቁሮቹ ብቻ ማውራታችንም ልክ አይሆንም። ጆን ኮኸን በኬንታኪ የቀረጸው ሮስኮ ሆልኮም ነጭ ነው፤ ጉልበቱን ሸጦ የሚያድር፣ ባንጆውን ይዞ በጉሮሮው ጫፍ የሚዘፍን ሰው። ፊልሙ ከዘፈኑ ጋር ከሰል አውጪዎቹንና ቤተ ክርስቲያኑን ያሳያል። ለሱ ማንም «እምጵ» ሲል አልሰማንም። ለምን ይሆን?

በመጨረሻ አንድ የቤታችን ጉዳይ። «ብሉዝ ማለት እኮ የጥቁር አሜሪካኖች ትዝታ ነው» የሚለው አባባል ከየአፉ ይወጣል። ትዝታ አምስት ድምፅ ያለው ቅኝት ነው። ብሉዝ አብዛኛውን ጊዜ በ12 ምት ቤት የሚዞር፣ የመጀመሪያውን ስንኝ ደግሞ በሦስተኛው የሚመልስ የአዘፋፈን ቅርጽ ነው። ሁለቱም ያሳዝናሉ ተብሎ አንድ ናቸው ማለት፣ በርበሬና ሚጥሚጣ ሁለቱም ያቃጥላሉና አንድ ናቸው እንደ ማለት ነው። ማወዳደር የሚፈልግ መጀመሪያ ሁለቱንም ይስማ።

የፊልም ምሽት ለሚያዘጋጁት ጓደኞቻችን የምናቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ የኮተን ፊልም ሁለት ጊዜ ይታይልን፤ አንዴ ድምፁ ተዘግቶ፣ አንዴ ተከፍቶ። መግቢያ ንግግር አንፈልግም። ጊታር የሚሞክሩት ልጆች ከፊት ይቀመጡ፣ መሣሪያቸውንም ይዘው ይምጡ።