ውስጡን ለቄስ፦ የሚኒሶታ መኪኖች ሆድ

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ታክሲና ኡበር የሚነዳ ሐበሻ ለመኪናው ገላ ገንዘብ አይሰስትም። በጥር ብርድ ላቫጆ ተሰልፎ ያሳጥባል፣ ወንበሩን ይወለውላል፣ ሽቶ ይሰቅላል። ተሳፋሪ የሚያየው ያንን ነውና አይፈረድበትም። መኪናው የሚሞተው ግን ማንም በማያየው በኩል፣ ከሥር ነው።

መንገድ ላይ የሚበተነው በዋናነት ከወጥ ጨው ጋር አንድ ዓይነት የሆነው ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ጉልበቱ ስለሚደክም ማግኒዥየም ክሎራይድ ወይም ካልሲየም ክሎራይድ ይጨመራል። እነዚህ ሁለቱ እርጥበትን ከአየር ይስባሉ፤ ብረት ላይ ከተጣበቁ ቶሎ አይደርቁም። ለዝገት ከዚህ የተሻለ ድግስ የለም።

ሙቅ ጋራዥ ያለው ሰው ራሱን እንደ ዕድለኛ ይቆጥራል። ነገሩ ግን ግልባጩ ሊሆን ይችላል። ውጭ ያደረ መኪና ላይ ቅዝቃዜው ዝገቱን ያዘገየዋል፤ ሳይታጠብ ሙቀት ውስጥ የገባው ላይ ግን በረዶው ቀልጦ ሌሊቱን ሙሉ ጨዋማ ውሃ ሆኖ ሻንሲውን ሲበላ ያድራል።

ጨው ይቅር ማለት አይቻልም፤ የሰው ሕይወት ያድናል። ጥያቄው ሂሳቡን ማን ይከፍላል ነው። ትሪፕል ኤ የተባለው የአሽከርካሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምት በዚህ ሳቢያ የሚደርሰው ዝገት አሜሪካውያንን በዓመት 3 ቢሊዮን ዶላር ያህል ያስወጣል። በየሦስት ዓመቱ አዲስ መኪና በሊዝ የሚቀይር ሰው ይህ አይሰማውም። የሚሰማው አሮጌ መኪና ገዝቶ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ነው።

ደግሞ ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። የፍሬን ዘይት የሚያልፍበት ቀጭን ቱቦም በዚያው ሆድ ውስጥ ነው። የአገሪቱ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት በ5 ሚሊዮን ገደማ የጄኔራል ሞተርስ መኪኖች የፍሬን ቱቦ ዝገት ላይ ለዓመታት ያካሄደውን ምርመራ እ.ኤ.አ. በ2015 ያለ ሪኮል ዘግቶ ባለቤቶቹን የመከረው፣ ሥሩን እጠቡ፣ አስመርምሩ ብሎ ነው። በአጭሩ፣ ለራስህ እወቅበት። አዲስ አበባ ላይ ለቦሎ በየዓመቱ መኪና ማስመርመር ያማርር የነበረ ሾፌር ሚኒሶታ ሲመጣ የግል መኪናውን በየዓመቱ አስገድዶ የሚፈትሽ አያገኝም። ነፃነት ይመስላል፤ ቱቦው መሀል መንገድ ላይ እስኪፈነዳ።

መኪና ሲገዛ ወረቀት ፊርማ ላይ የሚቀርበው ጥቁር፣ ካትራሜ መሳይ ቅብ ብዙዎችን ያታልላል። ደርቆ ሲሰነጠቅ ጨዋማ ውሃ ከሥሩ ይገባና ተሸፍኖ ይበላል፤ ዝገት የጀመረ ብረት ላይ ከተቀባማ ቁስልን በፋሻ እንደ መደበቅ ነው። የሚሻለው የማይደርቅ ቅባት ነው፤ ዘይት፣ ሰም ወይም ከበግ ሱፍ የሚወጣው ላኖሊን። ወደ ስንጥቁ ይሰርጋል፣ ግን ታጥቦ ስለሚያልቅ በየዓመቱ ይደገማል። መስቀል ሲያልፍ፣ በረዶ ሳይጥል፣ በታጠበና በደረቀ ብረት ላይ ይቀባል፤ የበሮቹ ታች ያሉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች እንዳይደፈኑ ቀቢውን መቆጣጠር ደግሞ የባለቤቱ ሥራ ነው።

ክረምቱን ሙሉ፣ ብርዱ ከዜሮ በላይ ብቅ ባለ ቁጥር፣ ከሥር የሚረጭ ላቫጆ መምረጥ ያስፈልጋል። ፋሲካ ገደማ የጨው መኪኖቹ ሲቆሙ አንድ ጥልቅ እጥበት፣ ከዚያም መኪናውን ክሪክ ላይ ሰቅሎ የፍሬን ቱቦዎቹን በባትሪ እያበራ የሚያሳይ መካኒክ።