ፎገራን ከላይ መለካት

ርብና ጉማራ ሁለቱም ከጉና ተራራ ይነሣሉ። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከዚያ ራስጌ ቁልቁል እየተወረወሩ፣ የደጋውን አፈር እያጠቡና እየተሸከሙ ሲወርዱ የነበራቸው ኀይል፣ ከወረታ በታች ከተዘረጋው ከፎገራ ሜዳ በደረሱ ጊዜ ባንዴ ይዝላል፤ ሜዳው ከጣና ሐይቅ ገጽ እምብዛም ከፍ የማይል ዝርግ ስለ ሆነ፣ የተሸከሙትን ደለል እዚያው ያራግፉታል፤ ደለሉም ከዓመት ዓመት እየተነባበረ የወንዙን መኝታ ያሳድገዋል፤ መኝታው ባደገ መጠንም ወንዙ ከዳርቻው ለመውጣት የሚፈልገው ዝናብ እያነሰ ይሄዳል። ቤተ ክርስቲያን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ብላ በምትቆጥረው በዘመነ ክረምት፣ ይልቁንም ሐይቁ ሞልቶ የወንዞቹን አፍ ወደ ኋላ በሚገፋበት በመጨረሻው ወራት፣ መውጫ ያጣው ውኃ ናበጋንና ዋገጠራን በመሰሉት የሐይቅ ዳር ቀበሌዎች ላይ ይተኛል። በ1998 ዓ.ም. ማለቂያ የደረሰውን፣ በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ያፈናቀለውን ማየ አይኅ የአገሩ ሰው አልረሳውም።

ይኸው ውኃ ግን የሜዳው ሲሳይ ነው። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች እርዳታ በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት የተሞከረው ሩዝ፣ ቀድሞ በክረምት ውኃ ይተኛበት የነበረውን መሬት ወደ እህል ማሳ ለውጦ፣ ዛሬ ፎገራን የአገሪቱ የሩዝ መዲና አድርጓታል፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም በወረታ የተተከለው ስለዚህ ነው። እንግዲህ የፎገራ ገበሬ ጭንቀት ውኃ እንዳይመጣ አይደለም፤ የሚመጣው ውኃ መጠኑ፣ መንገዱና ጊዜው አለመታወቁ ነው። ይህን ለማወቅ የሚረዳ መሣሪያ ድሮን ነው፤ ነገር ግን ስለ ሲቪል ድሮን ጥቅም በአገራችን ሲነገር ቀድሞ የሚነሣው ፀረ አረምና ፀረ ተባይ መርጨት፣ ቀጥሎም የሰርግና የበዓል ፊልም ማንሣት ነው። እኔ ግን ይህ መሣሪያ ለፎገራ የሚሰጠው የመጀመሪያውና ትልቁ አገልግሎት መሬቱንና ውኃውን መለካት ነው እላለሁ፤ መርጨቱ ቢመጣም ከዚያ በኋላ፣ በብዙ ጥንቃቄ ሊመጣ ይገባል።

ምክንያቱን ላስረዳ። እንዲህ ባለ ዝርግ አገር የአንድ ክንድ ከፍታ ልዩነት የአንዱን ጎጆ በውኃ አስጥሞ የጎረቤቱን ደረቅ ያስቀራል። በነጻ የሚገኘውና ብዙ መሐንዲስ የሚጠቀምበት የዓለም ከፍታ ካርታ ግን እ.ኤ.አ. በ2000 ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር የተለካው ሲሆን፣ ስሕተቱ ብዙ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ለጉና ገደል የሚበቃው ይህ ልኬት ለፎገራ ፈጽሞ አይበቃም። ድሮን ግን ወደ አንድ መቶ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ እርስ በርሳቸው የሚደራረቡ በመቶ የሚቆጠሩ ፎቶግራፎች እያነሣ ማሳውን በሙሉ ሲያዳርስ፣ ባለሙያው ደግሞ ምድር ላይ ምልክት ያደረገባቸውን ጥቂት ነጥቦች በጂፒኤስ አጥርቶ ሲለካ፣ ኮምፒዩተሩ ሁለቱን አስማምቶ ስሕተቱ በሳንቲ ሜትር የሚቆጠር የከፍታ ካርታ ያወጣል። ባትሪው አብዛኛውን ጊዜ ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ብቻ ስለሚቆይ ባለ አራት ክንፉ ድሮን ለአንድ ቀበሌ እንጂ ለወረዳው ሁሉ አይበቃም፤ ለሰፊው ሜዳ እንደ አውሮፕላን የሚንሳፈፈው ዓይነት ይሻላል።

በዚህ ሥራ ጊዜን ማወቅ ግድ ነው። ካሜራ በሰብልና በቆመ ውኃ ውስጥ ዘልቆ አፈሩን ማየት አይችልም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው በረራ ሩዙ ታጭዶ፣ በእርጥበቱ የተዘራው ጓያና ሽምብራም ተነሥቶ መሬቱ ራቁቱን በሚሆንበት በመጋቢትና በሚያዝያ መደረግ አለበት። ሁለተኛው በነሐሴ፣ በጠዋቱ፣ ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ዝናብ ሳይደርስ ተነሥቶ የውኃውን ዳርቻ ያነሣል። በዚያ ወራት በካሜራ የሚያዩ ሳተላይቶች በደመና ይታወራሉ፤ በራዳር የሚያዩት ደመናውን ቢያልፉም ብዙዎቹ የውኃውን ጠርዝ በእያንዳንዱ ማሳ ልክ ለይተው አያሳዩም፤ ከደመናው በታች የሚበረው ድሮን ግን ያሳያል። ሁለቱ ካርታዎች ሲነጻጸሩ ውኃው በማን ማሳ ላይ ምን ያህል እንደ ተኛ፣ በየትኛው የወንዝ ዳርቻ እንደ ወጣና ወዴት እንደ ሄደ ይገለጣል።

ከዚህ ዕውቀት የሚገኘው ትርፍ ብዙ ነው። የርብን ዳርቻ በአፈር ክትር ለማጠር የሚደረገው ልፋት በግምት ሲሠራ፣ ከላይ የታገደው ውኃ ከታች ያለውን ወንድም ያጠፋል፤ ካርታው ያለው ግን ክትሩ የት ቢቆም ማንን እንደሚያድንና ማንን እንደሚጎዳ ሳይሠራው አስቀድሞ ይመረምራል። በርብ ላይ የተሠራው ግድብ በክረምት ሞልቶ ውኃ በሚለቅበት ቀን፣ ጎርፉ ከየትኛው መንደር በስንት ሰዓት እንደሚደርስ አስልቶ ሕዝቡን ማስጠንቀቅ የሚቻለውም የመሬቱ ከፍታ በትክክል ሲታወቅ ነው። የድንበር ነገርም አለ፤ የአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለገበሬው የይዞታ ደብተር ሲሰጥ ኖሯል፤ ነገር ግን ወንዝ መንገዱን ሲለውጥና ደለል ድንበሩን ሲሸፍን ደብተሩ ብቻውን አያስታርቅም፤ ከጎርፉ በፊት የተነሣ የማሳ ምስል ግን ለሽማግሌም ለዳኛም የማይዋሽ ምስክር ይሆናል።

ይህ ለድኻ አገር የማይቻል ነው የሚል ካለ ወደ ታንዛኒያ ይመልከት። በዛንዚባር የመንግሥቱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የደሴቶቻቸውን ካርታ በድሮን አንሥተዋል፤ በዳሬ ሰላምም ተማሪዎችና የሠፈሩ ነዋሪዎች አንድ ሆነው ጎርፍ የሚያጠቃቸውን ሠፈሮች በካርታ አስፍረዋል። ከባሕር ማዶ የመጣ ባለሙያ ካርታውን ሠርቶ ይዞት ሲሄድ ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል፤ የአገሩ ልጅ ሲሠራው ግን የሚቀጥለውን ክረምትም ይለካል። በወረታ የግብርና ኮሌጅና የሩዝ ማዕከል እያሉ፣ ለዚህ ሥራ የሚሠለጥን ወጣት ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም።

መርጨትን ያዘገየሁት ንቄው አይደለም። የጃፓኑ ያማሃ አር-50 የተባለውን ሰው አልባ ሄሊኮፕተር ለሩዝ ማሳ መርጫ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ በጃፓን ይህ ጥበብ የተስፋፋው ገበሬው እያረጀ፣ ልጆቹ ወደ ከተማ እየፈለሱ ማሳውን የሚጠብቅ ክንድ ስለ ጠፋ ነው። የጃፓን ባለሙያዎች በወረታው ማዕከል ሠርተዋልና ምሳሌያቸው ቅርባችን ነው፤ የፎገራ ነገር ግን ሌላ ነው። በአረም ወራት ከየደጋው ወርደው በቀን ሥራ የሚያድሩ፣ በወንፈልም የሚረዳዱ ብዙ እጆች አሉ፤ አንድ መርጫ ድሮን የእነዚህን እንጀራ ሲወስድ ምን እንደሚተካላቸው መልስ ሳይገኝለት መሣሪያውን ማስገባት ቅንነት የጎደለው ሥራ ነው። ማሳውም ትናንሽ ስለ ሆነ፣ በአንዱ ጥማድ ላይ የሚረጨው መድኃኒት በነፋስ ተወስዶ በጎረቤቱ ሽንኩርት፣ በንቡና በከብቱ ሣር ላይ ያርፋል፤ ከዚያም ወደ ሸሸርና ወደ ወላላ ረግረግ፣ ክራክ የሚባሉት ወፎች ወደሚሰፍሩበትና በመጨረሻም ወደ ጣና ይወርዳል። ከዚህ የምለየው አንድ የመርጨት ሥራ ቢኖር የወባ ነገር ነው፤ በዛንዚባር እ.ኤ.አ. በ2019 በውኃ በተሞላ የሩዝ ማሳ ላይ የትንኝ እጭ የሚያፍን ስስ ፈሳሽ በድሮን ተረጭቶ ተሞክሯል፤ ሩዝና ወባ በአንድ ውኃ ለሚኖሩበት ለፎገራ ይህ በጥብቅ ሊጠና የሚገባው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሕዝቡ ልብ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ሲቪሎች በድሮን ጥቃት መሞታቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤትም አስታውቀዋል። በዚህ ክልል የሞተር ድምፅ ከሰማይ ሲሰማ እናት ልጇን ወደ ጎጆ ብታስገባ የሚፈረድባት አይደለም፤ ፍርሃቷን ድንቁርና ብሎ የሚንቅ ባለሙያም ሥራውን ባይጀምር ይሻላል። ስለዚህ ሰላም ባልወረደበት ቀበሌ ድሮን አይነሣ። በሚነሣበትም፣ ቀኑና ሰዓቱ አስቀድሞ በገበያና በየደብሩ ዐውደ ምሕረት ይነገር፤ መሣሪያው ከመነሣቱ በፊት ካህናቱ፣ ሽማግሌዎቹና ሴቶቹ በእጃቸው ይዘው ይዩት፤ የሚያነሣውን ምስል በመቆጣጠሪያው መስታወት ይመልከቱ፤ የሰው ግቢም ያለ ፈቃድ አይነሣ። ድሮን ወደ አገር ለማስገባት የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ መንግሥት መቆጣጠሩ አግባብ ነው፤ ነገር ግን ለኮሌጅና ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የሚሆን አጭርና ግልጽ የፈቃድ ሥርዓት ካልተበጀ፣ ቁጥጥሩ ክልከላ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ለክልሉ ግብርና ቢሮ፣ ለሩዙ ማዕከልና ለወረታው ኮሌጅ የማቀርበው ልመና ይህ ነው፤ ሰላም በወረደ በመጀመሪያው መጋቢት፣ ሥራውን ከናበጋና ከዋገጠራ ጀምሩ፤ የምታወጡትንም ካርታ በመሥሪያ ቤት መሳቢያ አትቆልፉበት፤ በአማርኛ ጽፋችሁ፣ እያንዳንዱ ገበሬ ማሳውን በጣቱ ሊያሳይበት በሚችል መጠን አትማችሁ፣ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፉለት።