ፌስታሉን ማን ይብላው?



ባለፈው የአረፋ በዓል ጎሮ አካባቢ በሚገኘው ግቢያችን የኡዱሕያውን በግ አርደን ሆድ ዕቃው ሲከፈት፣ ከጨጓራው ውስጥ ከሣሩ ጋር የተጠቀለለ ጥቁር ፌስታል ወጣ። ጡጫ ያክላል። ልጆቹ ሳቁ፤ እኛ ግን ደነገጥን። ፈርሱን ለመቅበር ጉድጓድ ስንቆፍር ደግሞ ዶማው ገና አንድ ክንድ ሳይወርድ ሌላ ፌስታል ይዞ ወጣ፤ ከእሱ ሥር ሌላ፣ ከዚያም ሥር ሌላ። መሬቱም እንደ በጉ ሆዱን ፌስታል ሞልቶታል ለካ!

የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነ የጎረቤት ልጅ፣ «ጋሼ፣ ፕላስቲክ የሚበላ ሻጋታ ተገኝቷል እኮ! እዚህ ብንዘራው አያጸዳውም?» አለን። ጥያቄው ደስ አሰኘን፤ ለመመለስ ግን ጥቂት ማንበብ ነበረብን።

ወሬው እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካው የዬል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ከኢኳዶር ደን ካመጧቸው ዕፅዋት ውስጥ ፖሊዩሪቴን የተባለውን ፕላስቲክ የሚመገብ፣ አየር በሌለበት እንኳ የሚሠራ ፈንገስ ማግኘታቸውን አሳተሙ። ስሙ ፔስታሎቲዮፕሲስ ማይክሮስፖራ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ፣ ይህኛው ለእኛ ይበልጥ ይጥመናል፣ ከሙስሊም ወንድሞቻችን አገር ከፓኪስታን፣ ከኢስላማባድ ከተማ የቆሻሻ መጣያ፣ አስፐርጊለስ ቱቢንጄንሲስ የተባለ ሻጋታ ተለይቶ ይህንኑ ፕላስቲክ ሲያፈርስ ታየ። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ከሚያልፍበት ቦታ!

ሻጋታ አፍና ጥርስ የለውም። ከፀጉር የቀጠኑ ክሮቹን በሚበላው ነገር ላይ ይዘረጋና ኢንዛይም ያመነጫል፤ ኢንዛይሙ ረጅሙን የፕላስቲክ ሰንሰለት ይቆራርጠዋል፤ ቁርጥራጩን ክሮቹ ይመጥጡታል። የወደቀ ግንድ በክረምት እንዴት እንደሚበሰብስ ያየ ሰው ነገሩ አይገርመውም።

ታዲያ ችግሩ ምን ላይ ነው? ፖሊዩሪቴን ማለት የስፖንጅ ፍራሹና የጫማው ሶል ነው። ከጉድጓዳችን የወጣው ፌስታል ግን ፖሊኢትሊን ነው። የመጀመሪያው ኢንዛይም ሊይዘው የሚችል መገጣጠሚያ አለው፤ ሁለተኛው ከዳር እስከ ዳር ካርቦን ከካርቦን ጋር የተያያዘበት ስለሆነ በቀላሉ አይደፈርም። እ.ኤ.አ. በ2024 የሆላንድ ተመራማሪዎች ፖሊኢትሊንን የሚያፈርስ የባሕር ፈንገስ ማግኘታቸውን ገለጹ፤ የሚያፈርሰው ግን በቀን 0.05 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው፤ ያውም ፕላስቲኩን አስቀድሞ አልትራቫዮሌት የተባለው የፀሐይ ጨረር ከመታው። ጎሮ አፈር ውስጥ የተቀበረ ፌስታል ፀሐይ ከየት ያገኛል? ልጁ ይህን ሲሰማ ቅር አለው። እኛንም ቅር ብሎናል።

ፌስታሉ ደግሞ ባለበት አይቀመጥም። ይበጣጠሳል፤ ክረምት ሲመጣ ጎርፍ ወደ ወንዝ ይነዳዋል። የቦሌና የምሥራቅ አዲስ አበባ ወንዞች ወደ ታላቁ አቃቂ፣ አቃቂም ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ። በመንገዱ ላይ በዚያ ውሃ የሚለማው ጎመንና ሰላጣ ተመልሶ ማዕዳችን ላይ ይቀርባል።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጡትን ፌስታሎች ከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ደግሞ ፌስታልን ጭራሹን ከለከለ። በመካከሉ ባሉት 18 ዓመታት ግን ቀጭኑ ጥቁር ፌስታል ከየሱቁ አልጠፋም፤ እኛም የኡዱሕያውን ሥጋ በእሱ ስናከፋፍል ኖረናል። እንግዲህ እውነቱን እንናገር፦ በጉ የበላውን ማን እንደጣለው አናውቅም፤ የእኛው ሊሆን ይችላል።

ጎጂ ነገርን ከመንገድ ማንሳት ሰደቃ መሆኑን ሁላችንም ከመድረሳ ጀምሮ ሰምተናል። የዘንድሮውን ሥጋ በምን እናድርስ ብለን ስንጨነቅ አንዲት አዛውንት እናታችን፣ «በእኛ ጊዜ በሳሕን ነበር የሚሄደው፤ ሳሕኑም ባዶውን አይመለስም ነበር» አሉን። በሳሕን ሄደ። ሦስቱ ሳሕኖች ገና አልተመለሱም!

ከበዓሉ በኋላ ከልጆቹ ጋር ሆነን ከአንዲት መደብ ብቻ የለቀምነው ፌስታል አንድ ማዳበሪያ ሞላ። ቁራሌው መጥቶ አየውና፣ «ሃይላንድ ቢሆን እወስደው ነበር፤ ፌስታል ግን ማንም አይገዛኝም» ብሎን ሄደ። ማዳበሪያው እስከዛሬ ከአጥሩ ጥግ ቆሟል። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አፉን ከፈት እያደረገ፣ ሻጋታ አብቅሎ እንደሆነ ያያል።