ኑሮን በምንዛሪ መመዘን

በውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊና አገር ቤት ያለ ዘመዱ ስለ ኑሮ ሲነጋገሩ ሁለቱም የሚይዙት መለኪያ አንድ ነው፤ ምንዛሪ። አገር ቤት ያለው የዘመዱን ደመወዝ ወደ ብር መንዝሮ ሀብት ያያል። ውጭ ያለው የአዲስ አበባን የምሳ ዋጋ ወደ ዶላር መንዝሮ ርካሽነት ያያል። ሁለቱም ስሌቱን አልሳቱም፤ የሳቱት መለኪያውን ነው።

ቤላ ባላሳና ፖል ሳሙኤልሰን እ.ኤ.አ. በ1964 በየፊናቸው እንዳስረዱት፣ ድንበር የሚሻገሩ ዕቃዎች ዋጋ በየአገሩ ሲቀራረብ፣ የሰው ጉልበት የሚጠይቁ አገልግሎቶች ግን ደመወዝ ዝቅተኛ በሆነበት አገር ርካሽ ሆነው ይቀራሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ፀጉር መሠራት ርካሽ፣ ከውጭ የሚገባ መድኃኒት ግን ውድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በእነዚያ ሳምንታት የዳያስፖራው ኑሮ በእጥፍ የተቃረበ መሻሻል አላሳየም፤ የተለወጠው ተመኑ ብቻ ነው።

የሚሻለው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ክፉ ቀን ሲመጣ ሸክሙን ማን ይሸከማል?

ሁለት እህትማማቾች ይታሰቡ። አንዷ በዳላስ አረጋውያንን ትንከባከባለች፤ ሌላዋ በአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት መምህርት ናት። ሁለቱም ወለዱ። እ.ኤ.አ. የ1993ቱ የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ፣ መስፈርቱን ካሟላች፣ ለመጀመሪያዋ የሚፈቅደው 12 ሳምንት ነው፤ ያውም ያለ ደመወዝ። የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሁለተኛዋ 120 ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። የአዲስ አበባዋን እናቷ ያርሷታል፤ ጎረቤት ገንፎ ይዞ ይመጣል። የዳላሷ ለሕፃናት ማቆያ ላለመክፈል የሌሊት ፈረቃ ይዛ ከባሏ ጋር በር ላይ ትተላለፋለች።

ይህ ግን የአገር ቤት ናፍቆት ማሞቂያ ሊሆን አይገባም። አዋጁ የሚደርሰው መደበኛ ቅጥር ላላቸው ጥቂቶች ነው፤ ጉልት ቸርቻሪዋ የወሊድ ፈቃድ የላትም። ነፃ የሚመስለው የአያት እንክብካቤም ማንም ያልከፈለበት የሴቶች ሥራ ነው።

ከባዱ ሕመም ሲመጣ ደግሞ ሚዛኑ ይገለበጣል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የድንገተኛ ክፍል በሽተኛን ገንዘብ የለህም ብሎ መመለስ አይችልም፤ ሂሳቡ ኋላ ይመጣል፣ አንዳንዴም ቤተሰብ ያናጋል። በአዲስ አበባ የግል ሆስፒታሉ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ማስያዣ ይጠይቃል። የእህትማማቾቹ አባት ኩላሊታቸው ቢደክም ዕድሩ ድንኳኑንና ወንበሩን አዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ የወራት የኩላሊት እጥበት ግን ከአቅሙ በላይ ነው። ምክንያቱም ዕድር፣ አንዳንዱ ለታመመም ቢረዳ፣ በዋናነት የተቋቋመው ለቀብር ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ይቆማል፤ የእጥበቱን ወጪ የሚሸፍነው ከዳላስ የሚመጣው ሐዋላ ነው።

ስለዚህ ሐዋላ ስጦታ ብቻ አይደለም፤ ሳይጻፍ የቆየ የመድን ውል ነው። ውሉ በሁለቱም በኩል ይሠራል፦ ጡረታ በማታገኝበት የገልፍ አገር ለምትሠራ የቤት ሠራተኛ፣ ወደ ቤተሰቧ የምትልከው ገንዘብ ለእርጅናዋ የምታስቀምጠው ጥሪት ነው። የውሉ ጉድለት መድኑ አንድ ሰው ላይ መንጠልጠሉ ነው። የዳላሷ እህት ከሥራ ብትወጣ የአባቷ ሕክምና በዚያው ሳምንት ይቋረጣል።

መንግሥት ሐዋላን በዋናነት የሚያየው በውጭ ምንዛሪ ክምችት ዓይን ነው፤ የዳያስፖራ ቁጠባና ቦንድም ከዚያው ይመነጫል። የሚጎድለው ውጭ ያለው ሰው ለወላጆቹ የጤና መድን አረቦን በቀጥታ የሚከፍልበት፣ ሕመም ከመምጣቱ በፊት ስጋቱን ከሺዎች ጋር የሚጋራበት መንገድ ነው። ቅድመ ሁኔታው ግን ግልጽ ነው፦ መደርደሪያው ባዶ በሆነ ጤና ጣቢያ ስም አረቦን የሚከፍል አይኖርም። መድኃኒቱ መኖሩ ከታየ፣ በየቤተሰቡ ተበታትኖ በጭንቀት ሰዓት የሚላከው ገንዘብ ከፊሉ ወደ ጋራ ቋት ሊገባ ይችላል። ያን ጊዜ የዳላሷ እህት በእኩለ ሌሊት ስልክ ሲጮህ የምታስበው ስለ አባቷ እንጂ ስለ ማስያዣው አይሆንም።