ከሰሉ ውጭ ይደር

የልጅ ልጄና ሦስት ጓደኞቹ ከጉንደ ወይን በብስክሌት ተነሥተው ወደ ጮቄ ተራራ ሊወጡ፣ አንድ ሌሊትም ጎጆ ውስጥ አድረው ሊመለሱ አሰቡ። እናቱ «እማዬ፣ አንቺ ካልሽ ይሂድ» አለችኝ። እኔም ጓዛቸውን ፈተሽኩ። ፍሬኑ ይይዛል? ውሃ አለ? ፋሻስ? ቁልቁለቱን በዝግታ፣ ሳይመሽ ግቡ አልኩ። የት እንደሚያድሩ ጠየቅሁ፤ በምን እንደሚሞቁ ግን አልጠየቅሁም። ይህን ያህል ዘመን በነርስነት ሠርቼ ይህን ዘነጋሁ።

የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ልጆቹ ጫፉ ባይደርሱም ባሕር ዛፉንና አስታውን አልፈው ወደ ውርጩ ደጋ ወጡ። ሲደርሱ ልብሳቸው በላብ ርሶ ይንቀጠቀጡ ነበር። የጎጆው ባለቤት ደግ ሰው ነው፤ እራት አብልቶ፣ ብርድ እንዳይመታቸው ብሎ የፋመ ከሰል በማንደጃ አስገባላቸው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው በጭቃ የተመረገ፣ ስንጥቁ ሁሉ በላስቲክ የተወተፈ ነበር። በሩን ዘግተው ተኙ።

እኩለ ሌሊት ላይ አንዱ ራሴን አመመኝ አለ፤ ሌላው አስታወከው። «ከፍታው ነው፣ ይለቀናል» ተባባሉ። የልጅ ልጄ ለሽንት ሲነሣ ጉልበቱ ከዳው፤ እንደምንም በሩን ከፍቶ ደፉ ላይ ወደቀ። አራቱንም ያተረፋቸው ያ የተከፈተ በር ነው።

ወላጆች ሆይ፣ የእንጨት ጭስ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፤ ሰውም ይሸሸዋል። የፋመ ከሰል ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ በደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል፤ ከደም ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል።

የከፍታ ሕመምም ራስ ያሳምማል፣ ያስታውካል። በአንድ ክፍል ያደሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲታመሙና ከቤት ሲወጡ ሲሻላቸው ግን ከሰሉን ጠርጥሩ። በሩን ክፈቱ፣ ሕመምተኛውን ወደ አየር አውጡ፣ ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኙት። ወተት ማጠጣትና ሽንኩርት ማሽተት አያድነውም፤ የሚያስፈልገው ኦክስጅን ነው። የተሻለው ቢመስልም ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ታዲያ ልጆቹ በምን ይሙቁ? እንደደረሱ ላብ የጠጣውን ልብስ አውልቀው ደረቅ ይልበሱ። ከመሬቱ የሚወጣው ቅዝቃዜ ክፉ ነውና ከሥራቸው ጭድ ወይም ድርቆሽ በብዛት ያንጥፉ፤ ጋቢያቸውን ደርበው ተጠጋግተው ይተኙ። ሙቅ ውሃ በኮዳ ሞልቶ በሻሽ ጠቅልሎ እግር ሥር ማድረግም ደህና ነው። እሳቱን ሳይተኙ ይሙቁት፤ ሲተኙ ግን ውጭ ይደር።

ይህ የተራራ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በክረምት አራስ ቤት የምናስገባው ማንደጃ፣ ቡና ከተፈላ በኋላ መኝታ ቤት የምናስጠጋው ፍም ያው ነው። ለእርጉዝ ሴትና ለጽንሱ ደግሞ ይብሳል።

ልጁ ዘንድሮም ልሂድ አለኝ። ምን ልጠይቀው እንደሆነ ስላወቀ ቀድሞኝ «እማማ፣ ከሰሉ ውጭ ያድራል» አለ። ሂድ አልኩት።